ሆልደም የለመደ እጅ ኦማሃ ላይ ለምን ይበላል?

ቴክሳስ ሆልደምና ኦማሃ የፖከር ዓይነቶች ናቸው። ሆልደም ላይ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ፣ ኦማሃ ላይ አራት ይታደላል፤ አምስት ደግሞ ለሁሉም ጠረጴዛው ላይ ይገለጣል፣ እሱን ቦርድ ይሉታል። የደረሰኝ ጥያቄ ይኸውና፦

«ሰላም እህቴ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቴክሳስ ሆልደም መጫወት ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። ሀብታም አላደረገኝም፤ ግን ደብተሬ ላይ ትርፍ አለኝ። ከሁለት ወር በፊት ጓደኞቼ ወደ ኦማሃ ዞሩ፣ እኔም ተከተልኳቸው። በአራት ቅዳሜ 2,400 ዶላር ተበላሁ። በመጨረሻው ቀን የስፔድ ኤስ፣ የዳይመንድ ኤስ፣ 7 እና 2 ይዤ ነበር። ቦርዱ ላይ አራት ስፔድ ወጣ፤ ኪንግ፣ ጃክ፣ 8 እና 3። አምስተኛዋ የዳይመንድ 4 ነበረች። ያለኝን ሁሉ አስገባሁ። 'ፍላሽ የለህም' አሉኝ። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ከጭንቅላቴ ጠፋ። ምኑን ነው መርሳት ያለብኝ? ከየትስ ልጀምር? ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ በአማርኛ ቢመራኝስ ችግር አለው?»

ወንድሜ፣ አይዞህ። ከመጨረሻዋ እጅ እንጀምር፤ ችግርህ ሁሉ እዚያች ውስጥ አለ።

ያቺ እጅ ሆልደም ላይ ብትሆን ኖሮ ማንም አይበልጥህም ነበር። ፍላሽ ማለት አንድ ቀለም (ለምሳሌ ሁሉም ስፔድ) የሆኑ አምስት ካርታ ነው፤ በስፔድ ኤስ ያለው ከሁሉ በላይ ነው፤ ገንዘቡን ሁሉ ማስገባትህ ትክክል ነበር። ሆልደም ላይ ከእጅህም ከቦርዱም እንደፈለግክ አምስት ትመርጣለህ። ኦማሃ ላይ ግን ከእጅህ ሁለት፣ ከቦርዱ ሦስት ነው የምትወስደው። አንድም አይሆንም፣ ሦስትም አይሆንም። አንተ የያዝከው ስፔድ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የነበረህ ጥንድ ኤስ ብቻ ነው። የስፔድ 6 እና 5 የያዘ ሰው፣ ያ ሆልደም ላይ የሚያስቅ ፍላሽ፣ በላህ።

ይህ የጀማሪ ስህተት አይደለም። ፖከር ነክቶ የማያውቅ ሰው ኦማሃ ሲማር «ሁለት ከእጅ፣ ሦስት ከቦርድ» የሚለውን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ይሸመድደዋል፤ ሌላ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ አይሳሳትም። የሚሳሳተው ሆልደም የለመደው ነው። ዓይኑ አምስት ዓመት ሙሉ አራት ስፔድ ሲያይ ወደ ኤሱ መሮጥ ተምሯል። እጁ ሲገፋ አእምሮው ገና አልደረሰም።

እኔም ከአንተ የተሻልኩ አልነበርኩም። ላስ ቬጋስ ውስጥ ካርታ ሳድል ዓመታት አልፈዋል። እዚህ ከተማ የእኛ ሰው ታክሲ ካልነዳ ካዚኖ ይሠራል ይባላል፤ ለእኔ ካዚኖው ደረሰኝ። መጀመሪያ ኦማሃ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡኝ ሆልደም ብቻ ለረጅም ጊዜ ካደልኩ በኋላ ነው። በዚያው ሳምንት ቦርዱ ላይ ሦስት 9፣ አንድ 5 እና አንድ 2 ወጣ። አንዱ ተጫዋች ኤስ፣ ጃክ፣ 10 እና 5 ገለጠ። ሌላው ጥንድ 4 ገለጠ። እኔ «ፉል ሀውስ፣ ዘጠኝ በአምስት» (ሦስት አንድ ዓይነትና አንድ ጥንድ) ብዬ ቺፑን ወደ መጀመሪያው ሰው መግፋት ጀመርኩ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ጨዋታው ውስጥ እንኳ አልነበሩም፣ ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና «እስቲ እንደገና እይው» አሉኝ።

አየሁት። ሰውየው ከእጁ ሁለት ካርታ መጠቀም አለበት። 5ቱን ከእጁ ቢያወጣ ከሦስቱ 9 ጋር አንድ 5 እና አንድ ኤስ ይሆናል። ያ ፉል ሀውስ አይደለም፤ ሦስት 9 ብቻ ነው። ጥንድ 4 የያዘው ግን ሁለቱንም ከእጁ አውጥቶ ሦስቱን 9 ከቦርዱ ሲወስድ ፉል ሀውስ አለው። ፖከር ላይ ካርታው ራሱ ይናገራል ይባላል፤ ተጫዋቹም ዲለሩም (ካርታ አዳዩም) ያለው ሳይሆን የተገለጠው ካርታ ነው የሚቆጠረው። ቺፑን መለስኩ። ፊቴ ግን እስከ ፈረቃው መጨረሻ ቀልቶ ነበር።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄህ፣ «ምኑን ልርሳ?» ላልከው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ብትይዝ ይህን ያዝ። ሆልደም ላይ «ምን አለኝ?» ብለህ ትጠይቃለህ። ኦማሃ ላይ ጥያቄው «እዚህ ቦርድ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ምንድን ነው? እሱን ይዣለሁ ወይስ ወደ እሱ እየሄድኩ ነው?» ነው። ከሁሉ የሚበልጠውን ናትስ ይሉታል። ናትስ ካልሆነ፣ ወይም ወደ ናትስ ካልወሰደህ፣ ያየኸው ጥሩ ነገር ሁሉ አንተን የሚያስከፍል ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ቁጥሩን ተመልከት። ሆልደም ላይ ሊደርስህ የሚችለው የሁለት ካርታ ስብስብ 1,326 ነው። ኦማሃ ላይ የአራት ካርታ ስብስቡ 270,725 ይደርሳል። አራት ካርታ በእጅህ ሲኖር ሁለት ሁለት አድርገህ ስድስት ዓይነት ማጣመር ትችላለህ። ስድስት ሰው ከተቀመጠ ጠረጴዛው ዙሪያ 36 ጥንድ ካርታ እየተዋጋ ነው። ከ36ቱ አንዱ ፍላሽ፣ አንዱ ስትሬት (በተከታታይ የሚሄዱ አምስት ካርታ) ሳያገኝ ይቀራል ብለህ አትጠብቅ።

ጨዋታውን ወደ ላስ ቬጋስ ያስገባው ሮበርት ተርነር የሚባል ተጫዋች ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለጎልደን ናጌት የካርታ ክፍል ኃላፊ ለቢል ቦይድ አሳየው። ያኔ ስሙ «ናጌት ሆልደም» ነበር። ችግሩ ከዚያ የጀመረ ይመስለኛል። ሰው የሆልደም ታናሽ ወንድም አድርጎ ያየዋል። ቦርዱ አንድ ነው፣ ፍሎፑ (የቦርዱ የመጀመሪያ ሦስት ካርታ)፣ ተርኑ (አራተኛው)፣ ሪቨሩ (አምስተኛው) አንድ ነው፣ የእጅ ደረጃው አንድ ነው። መልኩ ቁርጥ አባቱን፣ ጠባዩ ግን ሌላ።

ወደ ሁለቱ ኤስ እንምጣ፤ ብዙ የእኛ ልጆች የሚበሉት እዚህ ላይ ነው።

ሆልደም ላይ ሁለት ኤስ ከ221 እጅ አንዴ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ደስ ይላል፤ ካርታው ካልታወቀ አንድ ተጋጣሚ ጋር 85 በመቶ ገደማ ያሸንፋል። ኦማሃ ላይ ቢያንስ ሁለት ኤስ ያለበት እጅ ከ39 አንዴ ይመጣል። ብርቅነቱ ቀረ። አቅሙም ቀነሰ። እንደ 8፣ 7፣ 6፣ 5 ያሉ የተያያዙና በሁለት ቀለም የተጣመሩ ካርታዎች ፊት ለፊት ሲገጥሙት ከ60 በመቶ ብዙም አይዘልም። ያም ቢሆን እስከ ሪቨር ምንም ገንዘብ ሳይጨመር ቢታይ ነው። ፍሎፑ ወጥቶ ሌላ ማስያዝ ሲጀመር አንተ ጥንድ ኤስህን ይዘህ ግራ ይገባሃል፤ እሱ ግን የት እንዳለ ያውቃል።

ያንተ ኤስ ደግሞ ደረቅ ኤስ ነበር። 7 እና 2 አጠገቡ ቆመው ምንም አይሠሩም። የኦማሃ እጅ አራት ሰው የሚሸከመው ቃሬዛ ነው። ሁለቱ ተሸክመው ሁለቱ እጃቸውን ኪስ ከተው ቢሄዱ በሽተኛው መንገድ ላይ ይወድቃል። ጥሩ እጅ የምትለው አራቱም እርስ በርስ ሲያያዙ ነው። ኤስ፣ ኤስ፣ ኪንግ፣ ኪንግ በሁለት ቀለም ከሁሉ ይበልጣል። ጃክ፣ 10፣ 9፣ 8 በሁለት ቀለም ግሩም ነው። ኤስ፣ ኤስ፣ 7፣ 2 በአራት የተለያየ ቀለም ግን ርካሽ ፍሎፕ ማያ እንጂ ቤት መሸጫ አይደለም። አራት ኤስ ቢደርስህስ? ሳቅ ብለህ ጣለው። ሁለት ብቻ ስለምትጠቀም ጥንድ ኤስ ነው ያለህ፣ ሦስተኛ ኤስ ደግሞ ከየትም አይመጣም።

ስለ ኤስህ አንድ የሚያናድድ ነገር ልጨምርልህ። የስፔድ ኤስ በአንተ እጅ ስለነበረ፣ ሌላ ሰው ከሁሉ የሚበልጠውን ፍላሽ ሊይዝ አይችልም ነበር። ያቺ ካርታ ፍላሽ ባትሆንም መሣሪያ ነች። የበሰሉ ተጫዋቾች እሷን ብቻ ይዘው፣ ፍላሽ እንደሌላቸው እያወቁ፣ የኩዊን ፍላሽ ያለውን ሰው አስፈራርተው ያስጥሉታል። አንተ ሳታውቀው ያንን ነው ያደረግከው። ግን በትንሽ ብር ጠረጴዛ ላይ ማን ይጥልልሃል? 6 እና 5 ይዞ የሚከፍል ሰው አይፈራም። ይህን ብልሃት ለጊዜው እርሳው።

አሁን ስለ መጠበቅ። ሆልደም ላይ ስትሬት ስትጠብቅ ሁለቱም ጫፍ ክፍት ከሆነልህ ስምንት ካርታ ይጠቅምሃል፣ በዚያም ትደሰታለህ። ኦማሃ ላይ ስምንት ካርታ ድህነት ነው። እጅህ ጃክ፣ 10፣ 7፣ 6 ይሁን። ፍሎፑ 9፣ 8፣ 2። ቁጠር። አራት ኩዊን፣ ሦስት ጃክ፣ ሦስት 10፣ ሦስት 7፣ ሦስት 6፣ አራት 5። ሃያ ካርታ! ሁለት ካርታ ገና ስለሚወጣ ከእነዚህ አንዱ የመምጣቱ ዕድል 70 በመቶ ነው። ምንም ነገር ሳይኖርህ ፍሎፑ ላይ ጥንድ ካለው ሰው ትበልጣለህ ማለት ነው። ሆልደም ተጫዋች ይህን ለመዋጥ ጊዜ ይወስድበታል። «ገና ምንም የለኝም እኮ» ይላል።

ቆይ ግን፣ አትቸኩል። ከሃያዎቹ ሁሉም እኩል አይደሉም። ኩዊን፣ 7፣ 6 ወይም 5 ቢመጣ ስትሬትህ ናትስ ነው፤ እነዚህ 14 ናቸው። ጃክ ቢመጣ ግን ኩዊን እና 10 የያዘ ይበልጥሃል። 10 ቢመጣ ኩዊን እና ጃክ የያዘ ይበልጥሃል። ስለዚህ ስድስቱ ስትሬት ይሰጡሃል፣ ግን ገንዘብህን ይዘው ሊሄዱም ይችላሉ። ፍሎፑ ላይ ሁለት ካርታ በአንድ ቀለም ከሆኑ ደግሞ ሌላ ቅናሽ አለ። መቁጠር ስትለማመድ ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር ያዝ፤ ስንቱ ይጠቅመኛል፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ናትስ ነው።

ሦስት አንድ ዓይነት ላይም ተጠንቀቅ። ጥንዱ ከእጅህ ሲሆን በእንግሊዝኛ ስሙ ሴት ነው። አበሾች በተሰበሰቡበት ጠረጴዛ «ሴት ይዤ ተበላሁ» ያለ ሰው ሳቅ ሳያተርፍ አይነሳም። ሆልደም ላይ ጥንድ 4 ይዘህ ቦርዱ ላይ 4 ቢወጣ በዓል ነው። ኦማሃ ላይ ከቦርዱ ትንሹ ካርታ ጋር የተሠራ ሦስት አንድ ዓይነት ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል፤ ትልቁን ሦስት የያዘ ሰው መኖሩ ሆልደም ላይ እንዳለው ብርቅ አይደለም።

ሆልደም ተጫዋችን በጣም የሚያስቸግረው ግን ናትስ ይዞ መጣል ነው። አዎ፣ ናትስ ይዞ። ፍሎፑ የስፔድ 9፣ የስፔድ 8 እና የዳይመንድ 7 ነው እንበል። አንተ ጃክ፣ 10፣ 3፣ 2 አለህ፣ ከስፔድ አንድም የለህም። በዚህች ሰዓት የሚበልጥህ የለም። ተጋጣሚህም ጃክና 10 አለው፣ ግን የሱ ሁለቱም ስፔድ ናቸው። ገንዘቡ ሁሉ ገባ። ምን ይሆናል? አንተ የምትሻሻልበት መንገድ የለም። ቢበዛ ፖቱን (መሃል የተጠራቀመውን ገንዘብ) ትካፈላለህ። እሱ ግን 40 በመቶ ገደማ ስፔዱ መጥቶለት ሁሉንም ይወስዳል። አንተ ግማሽ ለማግኘት ሙሉውን አስይዘሃል። ስለዚህ ናትስ ስትይዝ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ ከዚህ በኋላ የምሻሻልበት ነገር አለኝ? ከሌለህ፣ ሁለት ሰው እየተፋጀ ከሆነና ገና ፍሎፕ ላይ ከሆናችሁ፣ መጣል ነውር አይደለም። እኔ ጠረጴዛ ላይ ይህን ሲያደርጉ ያየኋቸው ጥቂት ናቸው፣ እነሱ ግን ለዓመታት ከጠረጴዛው አልጠፉም።

ስለ ፖት ሊሚት አጭር ነገር። ሆልደም ላይ ያለህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መግፋት ለምደሃል። ኦማሃ ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት ከፖቱ በላይ መጨመር በማይቻልበት ሕግ ነው። ፖቱ ውስጥ 100 ካለ እና ከፊትህ ያለው ሰው 50 ካስያዘ፣ አንተ መጀመሪያ የሱን 50 ትሞላለህ። ፖቱ 200 ሆነ። ከዚያ በላይ 200 መጨመር ትችላለህ፣ በጠቅላላ 250። እኛ ዲለሮች በአቋራጭ ነው የምናሰላው፦ መጨረሻ የተያዘውን በሦስት አባዛ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ደምር። ገደብ አለው ብለህ ግን አትዘናጋ። ፍሎፑ ላይ 20 ዶላር የነበረ ፖት በየዙሩ ሙሉ ከተያዘና አንድ ሰው ብቻ ከከፈለ ሪቨሩ ሲያልቅ 540 ይደርሳል። ስለዚህ ፍሎፑ ላይ የምትከፍላት 20 ዶላር የ260 ዶላር ጉዞ መነሻ ልትሆን እንደምትችል አስበህ ክፈል።

ካወቅከው ውስጥ የሚጠቅምህ አለ። መጨረሻ ላይ የመናገር (ሌሎቹ ያደረጉትን አይቶ የመወሰን) ጥቅም ኦማሃ ላይ እንዲያውም ይብሳል። ትዕግሥትህ ይጠቅማል። ደብተር መያዝህ በጣም ይጠቅማል። ሰው ማንበብህም እንዲሁ፣ ምንም እንኳ ኦማሃ ላይ ከሰውየው ፊት ይልቅ ቦርዱን ማንበብ ቢቀድምም።

ከየት ትጀምር? ከቤትህ። ካርታ በውዝ። ለአራት ሰው አራት አራት አድል፣ ገልጠህ። አምስት ካርታ ቦርድ ላይ ዘርጋ። ማን እንዳሸነፈ ጮክ ብለህ ተናገር፤ «ከእጅ እነዚህ ሁለት፣ ከቦርድ እነዚህ ሦስት» እያልክ፣ በጣትህ እየነካህ። መንካቱን አትናቀው። እኔ ከዚያ ከ9ኙ ስህተት በኋላ ማታ ማታ እንዲህ ነው የተለማመድኩት። በሌሊት 50 ቦርድ አድርግ። ሳምንት ካደረግክ በኋላ እጆቹን ተወውና ቦርዱን ብቻ ዘርግተህ ናትሱን ጥራ። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ሦስቱንም በአምስት ሰከንድ መጥራት ሳትችል ጠረጴዛ ላይ አትቀመጥ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ከ2,400 ዶላር ግን ይረክሳል።

ስትመለስ ያለውን ትንሹን ጠረጴዛ ፈልግ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ደረቅ ኤስ ይዘህ ሬይዝ አታድርግ፣ ማለትም ማስያዣውን ከፍ አታድርግ። ናትስ ያልሆነ ፍላሽ ላይ ትልቅ ገንዘብ አትክፈል። ይህ ትንሽ ፈሪ ጨዋታ ነው፣ አንዳንድ ፖት ያመልጥሃል፤ ያምልጥህ። እጅህ ልማዱን እስኪቀይር ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ኦማሃ ላይ ጥሩ ተጫዋች እንኳ የሚወጣበትና የሚወርድበት ርቀት ከሆልደም በጣም ይሰፋል፤ እጆቹ ስለሚቀራረቡ። ለሆልደም 20 ጊዜ መግዣ (አንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ለመቀመጥ ይዘህ የምትገባው ገንዘብ) ለብቻው ካስቀመጥክ፣ ለኦማሃ 50 አስቀምጥ፤ የእኔ ልክ ይህ ነው። የቤት ኪራይና የዕቁብ ገንዘብ እዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ዕቁቡ የወጣለት ማታ በቀጥታ የመጣ ሰው አይቻለሁ፤ ጠዋት ሰብሳቢውን ምን እንዳላቸው አላውቅም። አንተም ያጣኸውን ለመመለስ ብለህ የምትሄድ ከሆነ ቅዳሜን ቤትህ ዋል።

ጓደኞችህ ወደ አምስት ካርታ ኦማሃ ወይም ፖቱን ለትልቅና ለትንሽ እጅ ወደሚከፍለው ኦማሃ ከጠሩህ ለአሁኑ እንቢ በል። በአምስት ካርታ ጥምሩ ከስድስት ወደ አሥር ይዘላል። የመጀመሪያው ሳይጸና ሁለተኛውን መጨመር ሁለቱንም ያጠፋል።

ስለ ጓደኛህ የጠየቅከው፣ አይቻልም። አንድ እጅ ላይ የሚወስነው አንድ ተጫዋች ብቻ ነው፤ ምክር መስጠትም ካርታ ማሳየትም ክልክል ነው። ደግሞ ብዙ የአሜሪካ የፖከር ክፍሎች ካርታ እየተጫወቱ ሳለ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ አይፈቅዱም። እናንተ ስለ ልጁ ክርስትና ብታወሩም ዲለሩ የምትመካከሩ ነው የሚመስለው። እኔ ራሴ አማርኛ እየሰማሁ፣ ወሬው ምንም እንዳልሆነ እያወቅኩ፣ የአገሬን ልጆች «እንግሊዝኛ ብቻ» ብዬ አስቁሜያለሁ። እነሱም «አንቺም?» ብለው አኩርፈውኛል። ካርታህን ጣልና ተነሥታችሁ ውጡ፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ያቺን እጅ እንደ ልባችሁ በአማርኛ ተጨቃጨቁባት። ስትመለስ ቦታህ ላይ ቺፕህ ይጠብቅሃል።